መጀመሪያ ቤቷ፣ ከዚያ ጌኮዋ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ በሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ ልጅ "የቤት እንስሳ ግዙልኝ" ማለት የሚጀምርበት ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። ውሻ እንዳይገዛ የኪራይ ውሉ አይፈቅድም። ድመት እንዳትገባ ከቤቱ ሰው አንዱ አለርጂ አለበት። በዚህ መሃል ልጁ ከእንስሳት መሸጫ መደብር አንዲት ትንሽ እንሽላሊት አይቶ ይመጣል፤ ቢጫ ቆዳዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ አፏ ደግሞ ሁልጊዜ ፈገግ ያለች ያስመስላታል። ሌፐርድ ጌኮ ናት። አትጮህም፣ ጠጉር አታራግፍም፣ ውጭ አውጡኝ አትልም፣ ዋጋዋም ያን ያህል አይደለም። ወላጅ እሺ ለማለት ብዙ አይቸገርም።

እሺ ከማለት በፊት ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛው ዕድሜዋ ነው። በደንብ የተያዘች ሌፐርድ ጌኮ 15 ዓመት፣ 20 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች። በ10 ዓመቱ የለመናት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲይዝም በሕይወት ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። ሁለተኛው ቤቷ ነው። የምትኖርበት ሳጥን፣ ማሞቂያው፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውና መደበቂያዎቹ አንድ ላይ ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ ከእሷ ዋጋ ይበልጣሉ፤ ጤናዋም ከሞላ ጎደል በእነሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የተሳቢ እንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው እንደሚናገሩት፣ ታመው ከሚመጡላቸው እንስሳት የብዙዎቹ ችግር የሚጀምረው ከአያያዝ ነው። ሙቀቱ ያንሳል፣ ምግቡ ካልሲየም ይጎድለዋል፣ ወለሉ አይስማማም። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ቤቷ ተሠርቶ፣ ሙቀቱ ተለክቶ፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን ሳይዋዥቅ መቆየቱ ሳይረጋገጥ ጌኮዋን ማምጣት አይገባም።

ከወላጆች፣ በተለይ ከአያቶች፣ የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ። ብዙዎቻችን "እንሽላሊት መርዝ አለው፣ አትንካው" እየተባልን ነው ያደግነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የጌኮ ዝርያዎች መርዛማ የሆነ አንድም የለም። ሌፐርድ ጌኮ ብትነክስም ጥርሷ ጥቃቅን ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሌላ በኩል ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የትውልድ አገሯ ፓኪስታን፣ አፍጋኒስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው። እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ብላይዝ ለሳይንስ ያስተዋወቃት በ1854 ነው። የምትኖርበት አገር ድንጋያማ፣ ደረቅ፣ በጋው የሚያቃጥል፣ ክረምቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ቀኑን በድንጋይ ስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ ትውላለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጥታ ነፍሳት ታድናለች። ይህን የኑሮ ልማድ ልብ ያለ ሰው ቤቷን መሥራት አይከብደውም፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ በኩል ያደገ ሰው ማታ ማታ ግድግዳ ላይ እየወጡ በአምፖል ዙሪያ ትንኝ የሚለቅሙትን እንሽላሊቶች ያውቃቸዋል። እነሱም ጌኮ ናቸው፤ ግን ከሌፐርድ ጌኮ ጋር በሁለት ነገር ይለያያሉ። የግድግዳዎቹ ጣቶቻቸው ሥር የሚጣበቅ ሽፋን ስላለ መስታወት ላይ ሳይቀር ይወጣሉ፤ ሌፐርድ ጌኮ ግን ያላት ጥፍር ብቻ ነው፣ በመሬት ላይ ትሄዳለች፣ ድንጋይ ትወጣለች፣ መስታወት ላይ መውጣት አትችልም። ሌላው ዓይን ነው። አብዛኞቹ ጌኮዎች የሚከደን ቆብ ስለሌላቸው ዓይናቸውን በምላሳቸው እየላሱ ያጸዳሉ። ሌፐርድ ጌኮ ግን ቆብ አላት፤ ታርገበግባለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች። ባለ ዓይን ቆቦቹ ጌኮዎች በቁጥር አነስ ያሉ ወገን ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ሆሎዳክቲለስ አፍሪካኑስ የተባለው፣ በእኛው በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ደረቅ ቆላዎች ይገኛል። ስለዚህ የዚህች የእስያ እንስሳ ዘመድ እኛም ዘንድ አለ።

ካደገች በኋላ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጫፍ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ጭራዋ የስብ ጎተራዋ ነው። ስትጠግብ ይወፍራል፣ ስትራብ ወይም ስትታመም ይከሳል፤ በጤናማ ጌኮ የጭራዋ ወፍራሙ ክፍል ከአንገቷ ጋር ተቀራራቢ ውፍረት አለው። ስትደነግጥ ወይም ጭራዋን ሲይዟት ቆርጣ ትጥለዋለች። የተቆረጠው ጭራ ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ሲፈራገጥ አዳኙ በእሱ ሲዘናጋ እሷ ታመልጣለች። መልሶ ይበቅላል፤ አዲሱ ግን አጭርና ድቡልቡል ይሆናል፣ የፊተኛውንም መልክ አያገኝም። ልጅ ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያ ሕግ ጭራ አለመንካት ነው።

አሁን ወደ ቤቷ እንግባ።

ሳጥኑ ከቁመቱ ይልቅ ወለሉ ሰፊ መሆን አለበት። ለረጅም ጊዜ እንደ ዝቅተኛ መጠን ሲታሰብ የኖረው 75 በ30 ሴንቲ ሜትር ወለል ያለው የመስታወት ሳጥን ነው። ዛሬ ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች 90 በ45 ወይም ከዚያ በላይ ይመርጣሉ፤ እኔም አንዴ የሚገዛ ነገር ስለሆነ ሰፊውን ይግዙ እላለሁ። ምክንያቱ ከምቾቷም ያልፋል። ጠባብ ሳጥን ውስጥ አንዱን ጥግ አሙቆ ሌላውን ቀዝቃዛ ማድረግ አይቻልም፤ ሁሉም እኩል ይግላል፣ መሸሻ ታጣለች። በሩ ከፊት በኩል የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እጅ ከሰማይ የሚመጣ አዳኝ ወፍ ስለሚመስላት ትደነግጣለች፤ ከፊት በኩል በዝግታ የሚገባ እጅ ግን ቶሎ ትለምዳለች።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሙቀት ነው። እኛ የበላነውን የምናፈጨው የሰውነታችን ሙቀት ከውስጥ ስለሚመጣ ነው። ጌኮዋ ይህ የላትም፤ ሙቀት የምትወስደው ከምትተኛበት ድንጋይና ከአየሩ ነው። በቂ ሙቀት ካላገኘች የዋጠችው ነፍሳ ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ ይዳከማል፣ መብላት ታቆማለች። ስለዚህ የሳጥኑ አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ እሷ እንደ ፍላጎቷ ትመላለሳለች። በሞቃቱ ጫፍ የምትተኛበት ወለል ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ90 እስከ 95 ይሁን። የቀዝቃዛው ጫፍ አየር ከ22 እስከ 26 ሴልሺየስ፣ በፋራናይት ከ72 እስከ 79 ገደማ ይበቃዋል። ማታ ላይ ሙቀቱ ወደ 20 ሴልሺየስ ቢወርድ ችግር የለውም፤ በትውልድ አገሯም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ሙቀቱን የሚሰጠው ወይ ከላይ የሚሰቀል አምፖል፣ ወይ ከሳጥኑ ሥር የሚለጠፍ የማሞቂያ ምንጣፍ ነው። ምንጣፍ ከሆነ የወለሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሸፍን። ከሁለቱም ጋር ግን ቴርሞስታት ግዴታ ነው። ቴርሞስታት ሙቀቱ ከተወሰነው በላይ ሲወጣ ኃይሉን የሚቀንስ ወይም የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነው። ያለ እሱ የተሰካ ምንጣፍ የላዩን መስታወት ከ40 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ጌኮዋ ደግሞ ሆዷ ሥር ያለው ወለል እየለበለባት እንኳ ከቦታዋ ላትነሳ ትችላለች። በመደብር የሚሸጠውን፣ ከውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከናካቴው አይግዙ። ሙቀቱ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚከማች ሆዷ የተቃጠለ ጌኮ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ካለበት ሳጥን ነው።

ሙቀት በግምት አይለካም። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ርካሽ ክብ ቴርሞሜትር የሚነግርዎ የተለጠፈበትን ቦታ እንጂ እሷ የተኛችበትን ወለል አይደለም። ሽቦው ጫፍ ላይ መለኪያ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙና ጫፉን በሞቃቱ መደበቂያ ውስጥ፣ ሆዷ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ያኑሩት። ከቻሉ ደግሞ ሰዎች የግንባር ሙቀት ለመለካት ከሚጠቀሙበት ጋር የሚመሳሰል፣ ለዕቃ ገጽ የሚሆን የርቀት መለኪያ ይጨምሩ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ማየት ልማድ ይሁን። የልጁ ድርሻ ይህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የቁጥሩን ትርጉም ከተረዳ እንስሳዋን የተረዳ ያህል ነው።

ለሌሊት ተብሎ የሚሸጠው ቀይ አምፖል አያስፈልግም። ሌሊት የሚንቀሳቀሱ ጌኮዎች ዓይናቸው ድንቅ ነው። በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ በሚኖር አንድ የጌኮ ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት፣ እኛ ሁሉን ግራጫ አድርገን በምናይበት የጨረቃ ብርሃን እነሱ ቀለም እንደሚለዩ አሳይቷል። ቀዩ ብርሃን ለሌፐርድ ጌኮም ጨለማ ላይሆንላት ይችላል። ሌሊቱ ይጨልምላት። ቤቱ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ በቴርሞስታት ይሰካ።

የቀኑ ብርሃን 12 ሰዓት ገደማ ይቆይ፣ ክረምት ላይ ትንሽ ቢያጥር አይጎዳም። ዩቪቢ ስለሚባለው ጨረር አሳዳጊዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። ያለ እሱ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩ ጌኮዎች ሞልተዋል፤ ይሁን እንጂ ጥቂት ዩቪቢ ቆዳዋ ውስጥ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ እንደሚረዳ የታወቀ ስለሆነ፣ ደከም ያለውን መብራት ከጥሩ መደበቂያ ጋር ማድረግ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። አልቢኖ ዝርያዎች ግን ዓይናቸው ብርሃን አይችልም፤ ለእነሱ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

መደበቂያ ሦስት ይሁን፤ አንድ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንድ በቀዝቃዛው፣ አንድ ደግሞ በመሃል እርጥበት ያለው። አንድ ብቻ ከሆነና እሱም በቀዝቃዛው በኩል ካለ፣ ጌኮዋ ከመሞቅና ከመደበቅ አንዱን መምረጥ ሊኖርባት ነው። የምትመርጠው መደበቅን ነው፣ ብርዱ ይጎዳታል። መደበቂያው ጀርባዋ ጣሪያውን እስኪነካ ጠበብ ቢል ትወዳለች፤ ሰፊ ዋሻ አያረጋጋትም። ውድ መሆን የለበትም። በር የተቆረጠለት ክዳን ያለው የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ፣ የተቆረጠበት ጠርዝ እንዳይቧጭራት በብርጭቆ ወረቀት ከተለሰለሰ፣ እንደ ተገዛው ያገለግላል።

እርጥቡ መደበቂያ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ቆዳ ስትቀይር ያየ ሰው ነው። ቀኑ ሲቃረብ ቀለሟ ይደበዝዛል፣ ነጠብጣቦቿ ከነጭ መጋረጃ በስተጀርባ ያሉ ይመስላሉ። ከዚያ አፍንጫዋን ከድንጋይ ጋር ታሻሽና ከከንፈሯ ጫፍ ትጀምራለች። ቆዳውን በአፏ እየያዘች ከራሷ ላይ ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ ከፊት እግሯ አንድ በአንድ ታወልቃለች፣ እያወለቀችም ትውጠዋለች። ሲያልቅ ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ነገር አይኖርም፣ ቀለሟም እንደ አዲስ ያበራል። አየሩ ደረቅ ብቻ ከሆነ ግን ቆዳው በጣቶቿ ዙሪያ ይቀራል። እንደ ቀለበት ይጠብቅና ደም ያግዳል፣ ጣቷ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ተቆርጦ ይወድቃል። ጣት የጎደላቸው ጌኮዎች ብዙ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ በአንዱ መደበቂያ ውስጥ ውኃ የነካው ሞስ ወይም የወጥ ቤት ወረቀት ማኖርና ሳይደርቅ ማራስ። የቀረው ሳጥን ደረቅ ይሁን፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 40 በመቶ ይበቃል። ቆዳ በቀየረች ቁጥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ይዩ። የቀረ ካለ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ፣ ከእግሯ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ጥልቀት፣ 15 ደቂቃ ያህል ያቁሟትና በረጠበ የጥጥ እንጨት በቀስታ ያሹላት። በኃይል አይጎትቱ።

ወለሉን በተመለከተ መደብሩ አሸዋ ሊሸጥልዎ ይሞክራል፤ ካልሲየም ያለው ባለ ቀለም አሸዋም አለ። አይግዙ። የትውልድ አገሯ መሬት የተጠቀጠቀ አፈርና ድንጋይ ነው እንጂ ልል አሸዋ አይደለም። ነፍሳ ለመያዝ ስትወረወር አሸዋውን አብራ ትውጣለች፣ ካልሲየም ካለበት ደግሞ ሆን ብላ ልትልሰው ትችላለች፤ አንጀቷ ይዘጋል። ለጀማሪ የሚሻለው ወረቀት ነው፣ ቶሎ ይቀየራል፣ የዓይነ ምድሯንም ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። ከጊዜ በኋላ ሻካራ የወለል ሴራሚክ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢነጠፍ ያምራል፣ ሙቀትም ይይዛል። ደስ የሚለው ልማዷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓይነ ምድሯን የምትጥለው በአንድ ጥግ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያን ጥግ በየቀኑ ማጽዳት ሥራውን ያቀለዋል።

ምግቧ ነፍሳት ነው፤ ቅጠልና ፍራፍሬ አትበላም። ክሪኬት፣ ዱቢያ የተባለው በረሮ፣ የዱቄት ትል፣ የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ፣ እነዚህ በመደብር በሕይወት ይሸጣሉ። "በረሮ ገንዘብ ከፍዬ ቤቴ ላስገባ?" የምትል እናት አትፈረድባትም። ዱቢያ ግን ለስላሳ ግድግዳ አይወጣም፣ አይጮህም፣ ለመራባትም ብዙ ሙቀት ስለሚፈልግ በተራ ቤት ውስጥ አይረባም፤ እንደ ክሪኬትም አይሸትም። የሚሰጣት ነፍሳ ርዝመቱ በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት ብዙ አይብለጥ። ገና የምታድግ ጌኮ በየቀኑ ትብላ፤ ያደገች በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይበቃታል። ማታ ሲመሽ ይስጧት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልተበላውን ይልቀሙ። ሳጥን ውስጥ ያደረ ክሪኬት የተኛችውን ጌኮ ይነክሳል።

ስታድን ማየት ልጁን ለዓመታት የሚያስደስት ነገር ነው። ነፍሳው ሲንቀሳቀስ ራሷን ቀና ታደርጋለች። አንድ እርምጃ፣ ትቆማለች፤ ሌላ እርምጃ፣ ትቆማለች። ሰውነቷ ሁሉ ጸጥ ሲል የጭራዋ ጫፍ ብቻ በቀስታ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ከዚያ ዘልላ ትይዛለች። ካኘከች በኋላ ከንፈሯን በምላሷ ትልሳለች።

ነፍሳት ብቻቸውን ግን የተሟላ ምግብ አይደሉም። አብዛኞቹ ፎስፈረስ ይበዛባቸዋል፣ ካልሲየም ያንሳቸዋል። ይህ ሲቀጥል ጌኮዋ ከገዛ አጥንቷ ካልሲየም ትበላለች። መንጋጋዋ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጎብጣል፣ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች። በሽታው ከተራመደ የጎበጠው አጥንት አይቃናም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረጋል። ነፍሳቱ ከመሰጠታቸው አንድ ቀን አስቀድሞ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች የመሳሰለ እንዲበሉ ይደረጋል፤ የእነሱ ሆድ ባዶ ከሆነ የእሷም ሆድ ባዶ ነውና። ሊሰጡ ሲሉ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከጥቂት የካልሲየም ዱቄት ጋር ይናጣሉ። ዩቪቢ መብራት ከሌለ ዱቄቱ ቫይታሚን ዲ3 ያለበት መሆን አለበት፤ መብራቱ ካለ ዲ3ው ይቀነሳል፣ ሲበዛ ይመርዛልና። ሌሎች ቫይታሚኖች ያሉበት ዱቄት በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይጨመራል። ንጹሕ ውኃ በዝርግ ሳህን ሁልጊዜ ይኑር፣ በየቀኑም ይቀየር።

ከውጭ የተለቀመ ነፍሳ አይሰጣት። የሣር ሜዳው መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በበጋ ምሽት ልጆች በማሰሮ የሚይዟቸው የሚያበሩት ጥንዚዛዎች ለእንሽላሊት ገዳይ መርዝ አላቸው። አንዲቱ እንኳ በቂ ልትሆን ትችላለች። ይህን ለልጁ አስቀድሞ መንገር የወላጅ ድርሻ ነው፤ ልጅ ደስ የሚል ነገር ሲያገኝ ለሚወዳት እንስሳ ማካፈል ያምረዋልና።

"ብቻዋን ትደብራለች፣ ጓደኛ እንግዛላት" የሚለው ሐሳብ ከርኅራኄ የሚመጣ ቢሆንም ይጎዳታል። ሌፐርድ ጌኮ ብቸኝነት አያስጨንቃትም። ሁለት ወንዶች አንድ ላይ ከተቀመጡ ይናከሳሉ፣ ሊገዳደሉም ይችላሉ። ወንድና ሴት ከሆኑ ሴቷ ያለ እረፍት እንቁላል እየጣለች ትደክማለች። ሁለት ሴቶች እንኳ ተስማምተው የኖሩ ሲመስሉ ጉልበተኛዋ ሞቃቱን ቦታና ምግቡን ትይዛለች፤ የሌላዋ ጭራ ቀስ በቀስ መክሳቱ ነው የሚያሳብቀው። አንድ ሳጥን፣ አንድ ጌኮ።

ወደ ቤት ከመጣች በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት አትነካ። ምግብና ውኃ እየተሰጣት ቤቷን ትልመድ። ከዚያ እጅዎን ሳጥኑ ወለል ላይ ዘርግተው እሷ እስክትወጣበት ይጠብቁ። ለማንሳት ከሆነ ከሆዷ በታች ደግፈው፣ አራቱም እግሮቿ እጅዎ ላይ እንዲያርፉ አድርገው ያንሷት። አምስት አሥር ደቂቃ ይበቃታል። ወለል ላይ ወይም አልጋ ላይ ተቀምጦ መያዝ ይሻላል፤ ከቆመ ሰው እጅ ብትወድቅ ትጎዳለች።

ቀደም ብዬ ያቆየሁት ጥንቃቄ ይህ ነው፤ ጤነኛ የምትመስል ጌኮም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይዛ ልትኖር ትችላለች። እሷን አያማትም፣ ሰውን ግን በተቅማጥና በትኩሳት ሊጥል ይችላል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ባሉበት ቤት ተሳቢ እንስሳት እንዳይኖሩ ይመክራል። ይህ ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም፤ አራስ ልጅና ከአገር ቤት የመጣች አያት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ ነገሩን ለጥቂት ዓመት ማቆየት ይሻላል። ቀድሞ ከነበረች ደግሞ ሳጥኑ ሕፃኑ ከማይደርስበት ክፍል ይሁን። የነካት ሁሉ፣ ሳጥኗንም የነካ፣ ወዲያው እጁን በሳሙና ይታጠብ። የውኃ ሳህኗና ዕቃዋ ምግብ በሚዘጋጅበት ሲንክ ፈጽሞ አይታጠብ። መሳምም የለም።

ጤናዋን ለመከታተል ትልቁ መሣሪያ ለእሷ ብቻ የተለየች፣ በግራም የምትመዝን ትንሽ ሚዛን ናት። በወር አንዴ ተመዝና ይጻፍ። ጌኮ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ዓይን ሳያስተውለው ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። ጭራዋ እንደ እንጨት እየቀጠነ፣ ዓይነ ምድሯ እየቀጠነና እየሸተተ ከመጣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተባይ ሊሆን ይችላል። ይህ ፈውስ የማይገኝለትና ወደ ሌሎች ጌኮዎች የሚተላለፍ ነው፤ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ግን ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ያበጠና የማይከፈት ዓይን፣ የሚንቀጠቀጥ እግር፣ ከሳምንት በላይ ዓይነ ምድር አለማየት፣ ተከፍቶ የሚቀር አፍ፣ እነዚህ ሁሉ ሐኪም ይሻሉ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ተሳቢ እንስሳ አያክምም፤ የሚያክመውን ፈልጎ ማግኘት ጌኮዋ ከመገዛቷ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

ግዢውን በተመለከተ፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም በሰው እጅ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ይህ መልካም ነው። አርቢዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ብዙ የቀለም ዓይነት አውጥተዋል። ሁሉም ቀለም ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። ኢኒግማ የተባለው ዓይነት ራስን የሚያዞር፣ በክብ የሚያስኬድ የነርቭ ችግር ይዞ ይወለዳል። ሌመን ፍሮስት የተባለው፣ ብርሃን የሚያወጣ የሚመስለው ቢጫና ነጭ፣ ከ80 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ የቆዳ ዕጢ ያወጣል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች በ2021 ባሳተሙት ጥናት ቀለሙንና ዕጢውን ስፒንት1 ከተባለ አንድ ዘረመል ጋር አያይዘውታል። ይህን እያወቁ እነዚህን ሁለቱን መግዛት እንዲረቡ መክፈል ስለሆነ እኔ አልደግፈውም። ተራዋ ቢጫና ጥቁር ከማንኛቸውም አታንስም። ሲመርጡ ዓይኖቿ የተከፈቱና የጠሩ፣ ጭራዋ ሙሉ፣ ጣቶቿ ያልጎደሉ፣ ስትሄድ ሆዷን ከመሬት አንስታ የምትሄድ ትሁን። ስትበላ እንዲያሳዩዎት ሻጩን ይጠይቁ።

ወንድ ወይም ሴት መሆኗን ልጁ መጠየቁ አይቀርም፣ መልሱም አስገራሚ ነው። የሌፐርድ ጌኮ ፆታ የሚወሰነው እንቁላሉ በሚቀመጥበት ሙቀት ነው። በ26 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የተቀመጠ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ሴት ይሆናል፣ በ32 ገደማ ወንዱ ይበዛል፣ ወደ 34 ሲጠጋ ደግሞ ተመልሶ ሴት ይበዛል። አርቢው የማሞቂያውን ቁልፍ በማዞር ብቻ ምን እንደሚፈለፈል አስቀድሞ ሊገምት ይችላል።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ጉዞ። ቤተሰቡ በበጋ የትምህርት ቤት ዕረፍት ለአንድ ወር ወደ አገር ቤት ሲሄድ ጌኮዋ አብራ አትሄድም። ያደገች ጌኮ ለጥቂት ቀን ሳትበላ ብትቆይ ምንም አትሆንም፤ አንድ ወር ግን ብቻዋን አትተውም። ውኃ የሚቀይር፣ እርጥቡን መደበቂያ የሚያርስ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመግብ፣ ቴርሞሜትሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሰውዬው ከጉዞው በፊት አንዴ መጥቶ ነፍሳቱን በራሱ እጅ ዱቄት ቀብቶ ይስጣት፤ በረሮ መንካት የማይችል ከሆነ ያን ቀን ይታወቃል፣ ሌላ ሰው ለመፈለግም ጊዜ ይኖራል። መብራት ከጠፋ እስኪመጣ ድረስ እንዳይመግባት ይነገረው። ትክክለኛው የሙቀት ቁጥር፣ ነፍሳት የሚገዙበት መደብርና የሐኪሙ ስልክ በትልቁ ተጽፎ ሳጥኑ ጎን ላይ ይለጠፍ።